የቁስል ቅባት የቱን ልግዛ? ቲቲሲ፣ ፉሲዲክ አሲድ፣ ሙፒሮሲን፣ ጄንታማይሲን ወይስ ቫዝሊን

«የቁስል ቅባት ስጪኝ» ሳልባል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ የምሰራው ፋርማሲ ነው። የቱን ስል አንዷ «ያ ቢጫው» ትለኛለች፣ ሌላው «ጎረቤቴን ቶሎ ያደረቀላት» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ አፉ ተጠቅልሎ ያለቀ ቱቦ ከኪሱ አውጥቶ ይሄንኑ ድገሚልኝ ይላል። ሰው ግራ ቢጋባ አልፈርድም፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ቱቦ ብዙ ነው፣ ስማቸው ይመሳሰላል፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ይሄን እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን የእህቴ ልጅ ነው። አራት ዓመቱ ነው፣ ክፍለ ሀገር ነው የሚኖሩት። አፍንጫው ስር ትንሽ ቁስል ወጣበት፣ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳና የደረቀ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያዘ። እህቴ አንድ መድኃኒት ቤት ሄደች፣ ልጁን ማንም ሳያየው «ሁሉንም ያጠፋል» ተብላ ሶስት መድኃኒት የተቀላቀለበት ክሬም ተሸጠላት። ሁለት ቀን ቅላቱ ቀነሰ፣ ደስ አላት፣ በሳምንቱ ጉንጩና አገጩ ላይ ተዛምቶ ታናሽ እህቱም ላይ ወጣ፣ ፎቶውን በቴሌግራም የላከችልኝ ያኔ ነው። ክሬሙ ውስጥ ስቴሮይድ (ቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ ግን ጀርም የማይገድል መድኃኒት) ነበረበት። ስቴሮይዱ ቅላቱን እየደበቀ የቆዳውን መከላከያ ሲያዳክም ከርሟል ማለት ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ አንድ ደቂቃ ልጁን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር እኮ።

ስለዚ ስለ ቱቦዎቹ ከማውራቴ በፊት በምን እንደምመዝናቸው ልንገራችሁ።

መመዘኛዎቹ

ትልቁ ጥያቄ ቁስሉ በርግጥ የባክቴሪያ ነው ወይ የሚለው ነው። ጭርት ፈንገስ ነው፣ አልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነው፣ እከክ ቆዳ ውስጥ የምትገባ በጣም ትንሽ ነፍሳት የምታመጣው ነው፣ ችፌ ደግሞ ከናካቴው ኢንፌክሽን አይደለም (ተልጦ ኢንፌክሽን ሊጨመርበት ቢችልም)። እነዚህን የአንቲባዮቲክ ቅባት አይነካቸውም። በደጋው አካባቢ ፊት ላይ ወጥቶ ሳያም ለወራት የሚቆይ ቁስል ካለ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፣ እሱ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው፣ አምስት አይነት ቅባት ቀይራችሁ ካልዳነ ስድስተኛውን አትግዙ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አለርት ሆስፒታልን ያውቀዋል፣ ከክፍለ ሀገርም ሪፈር እየተጻፈለት የሚመጣው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱና ጥልቀቱ ነው። የሚቀባ መድኃኒት ላይኛው ቆዳ ላይ ነው የሚሰራው። ሁለት ሶስት ቦታ የወጣ ትንሽ ቁስል ከሆነ ይበቃዋል። መግል የቋጠረ ብጉንጅ ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ቅባት ብትደርቡበት መግሉ ጋ አይደርስም፣ ብጉንጅ መድኃኒቱ ሲበስል በባለሙያ ተከፍቶ መፍሰሱ ነው፣ እስከዛ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ማድረግ። አፍንጫና የላይኛው ከንፈር አካባቢ የወጣውን ደግሞ በፍጹም በጥፍር አትጭመቁ።

ሶስተኛ፣ ቅባቱ ስታፍና ስትሬፕ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ይነካል ወይ? አብዛኛውን የቆዳ ኢንፌክሽን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ ሌላ ሌላ ጀርም ይገድላል ተብሎ ማስታወቂያ ቢሰራለት እነዚህ ላይ ደካማ ከሆነ ምን ይሰራልናል። አራተኛ የሚያመጣው ጉዳት ነው፣ አለርጂ፣ በተላጠ ቆዳ በኩል ወደ ደም መግባት፣ ለአራስና ለነፍሰ ጡር የሚከለከል መሆን አለመሆኑ። አምስተኛ መላመድ ነው፣ ጀርሞቹ ቅባቱን የመቋቋም ጉዳይ። ይሄ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ዛሬ እኔ ለማይረባ ጭረት የቀባሁት ነገ ሆስፒታል ለተኛ ሰው እምቢ ሊል ይችላል። ዋጋና መገኘቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ቀላል ነገር ስለሆነ ግን አይደለም።

ቫዝሊን፣ ውሃና ሳሙና

ከዚህ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ንጹህ ጭረት፣ የተላጠ ጉልበት፣ ቢላ የቆረጠው ጣት፣ እነዚህ ገና ኢንፌክሽን የላቸውም፣ ስለዚ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋቸውም። በሚፈስ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ስስ አድርጎ ንጹህ ቫዝሊን መቀባትና በፋሻ መሸፈን በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የሕክምና ማህበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር፣ ትንሽ የቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ900 በላይ ሰዎች ግማሾቹ ባሲትራሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ግማሾቹ ነጭ ቫዝሊን ተቀቡ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ከቫዝሊኖቹ 2 በመቶ፣ ከባሲትራሲኖቹ 0.9 በመቶ ነበር፣ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። የቆዳ አለርጂ ግን ባሲትራሲን ከተቀቡት አራት ሰው ላይ ታየ፣ ከቫዝሊን አንድም የለም። ብዙ የምዕራብ የቆዳ ሐኪሞች ለንጹህ ቁስል ቫዝሊን የሚመክሩት ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጣቱን የሚነክርበትን ትልቅ ጣሳ ቫዝሊን ቁስል ላይ አታድርጉ፣ ለቁስል የሚሆን ለብቻው ትንሽ ይኑር።

ቲቲሲ

ቴትራሳይክሊን ማለት ነው፣ እኛ ሀገር የማያውቀው የለም። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ችግሩ ብዙ ዘመን ስለተሰራበት የተላመደው ስታፍና ስትሬፕ ብዙ ነው፣ ለአንዱ ሰርቶ ለሌላው የማይሰራው ለዚህ ነው። ለጎረቤታችሁ ሰራ ማለት ለእናንተ ይሰራል ማለት አይደለም። ልብስም ቢጫ ያደርጋል።

ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የዓይኑ 1% ነው፣ የቆዳው 3% ነው። ቱቦአቸው ሊመሳሰል ይችላል። የቆዳውን ዓይን ውስጥ እንዳታደርጉ፣ ማታ በደብዛዛ መብራት ሳይሆን በደንብ በሚታይበት ብርሃን አንብቡ፣ ቤት ውስጥ የእትብት ክሎርሄክሲዲን ጄል ካለ ደግሞ ከዓይን ቅባት ጋ አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ እሱ ዓይን ውስጥ ገብቶ ከባድ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ አለ።

ፉሲዲክ አሲድ

ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና የወጣ 2% ክሬም ወይም ቅባት ነው። ስታፍ ላይ ጎበዝ ነው፣ ስትሬፕ ላይ ትንሽ ይደክማል፣ ግን የእህቴ ልጅ አይነቱ ቁስል ላይ (ኢምፔታይጎ ነው የሚባለው) በጥናትም በተግባርም ጥሩ ይሰራል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. 68 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ያወጣው ግምገማ፣ ቁስሉ ብዙ ቦታ ካልተዛመተ ሙፒሮሲንና ፉሲዲክ አሲድ ከሚዋጥ አንቲባዮቲክ የማያንሱ ወይም የሚሻሉ ናቸው ይላል፣ ሁለቱ መካከልም ይሄ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጁ ሽሮፕ ጠጥቶ ተቅማጥ ከሚይዘው ትንሽ ቅባት ይሻለዋል።

አለርጂው ብርቅ ነው። የሚያሳስበኝ መላመዱ ነው፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ለሁሉም ነገር ይታዘዝ ስለነበር ፉሲዲክ አሲድን የሚቋቋም ስታፍ በጣም ጨመረ፣ ሰሜን አውሮፓም የሚቋቋመው ዘር ልጆች ላይ ወረርሽኝ አምጥቶ ነበር። አጠቃቀሙ በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን ነው፣ ቢበዛ 7። ወር ሙሉ እየተቀቡ መክረም ጀርም ማሰልጠን ነው። አሜሪካ ያላችሁ በፋርማሲ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ እዛ አልተፈቀደም።

ስትገዙ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ፉሲዲክ አሲድ ብቻውን አለ፣ ከቤታሜታዞን ወይም ከሃይድሮኮርቲዞን ጋ የተቀላቀለም አለ፣ ካርቶኑ ወንድማማች ነው የሚመስለው። ባለስቴሮይዱ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን የገባበት ችፌ ላለው፣ ሐኪም አይቶ ላዘዘለት ሰው ነው።

ሙፒሮሲን

2% ነው፣ ከሌሎቹ ወደድ ይላል። አሰራሩ ከሌሎች አንቲባዮቲኮች የተለየ ነው፣ ባክቴሪያው ፕሮቲን ሲሰራ የሚያስፈልገውን አንድ ኢንዛይም ነው የሚያግድበት፣ ስለዚ ሌሎቹን የተላመደ ጀርም ለሱ እጅ ይሰጣል፣ ኤምአርኤስኤ የሚባለውን አስቸጋሪ ስታፍ ጨምሮ። ሆስፒታሎች አፍንጫ ውስጥ የተደበቀ ስታፍ ለማጽዳት የሚጠቀሙበትም ይሄንኑ ነው (ለአፍንጫ ለብቻው የተዘጋጀ አለው)። ስታፍንም ስትሬፕንም ይይዛል፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለ5 ቀን።

ጥንቃቄው፣ ቅባቱ የተሰራበት ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ነገር በሰፊ ክፍት ቁስልና ቃጠሎ በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ለታመመ ሰው ጥሩ አይደለም። ዓይን ውስጥም አይደረግም። በ3 እስከ 5 ቀን ለውጥ ከሌለ መቀጠል ሳይሆን መታየት ነው።

ሁለቱን አወዳድሪ ብትሉኝ ለተራ ኢምፔታይጎ ፉሲዲክ አሲድ ከተገኘና ዋጋው ካነሰ እሱን እሰጣለሁ፣ ሙፒሮሲንን ግን ፉሲዲክ አሲድ ላልሰራለት ሰው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ወይም እየተመላለሰ ለሚወጣበት ሰው አስቀምጠዋለሁ። የእንግሊዞቹ መመሪያም ወደዚሁ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንደውም ትንሽ ለሆነው ኢምፔታይጎ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ያልሆነ 1% የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ክሬም ይሞከር ይላሉ፣ ክሬሙ ግን እኛ ጋ እምብዛም አይገኝም፣ በጠርሙስ የሚሸጠው አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ የሱ ምትክ አይደለም።

ጄንታማይሲንና ከአሜሪካ የሚመጣው ባለሶስቱ

ጄንታማይሲን ጠንካራ ስም አለው፣ በመርፌ ሲሰጥ ስለሚያውቁት ሰዎች «ሃይለኛውን ስጪኝ» ይሉኛል። እውነቱ ግን ስትሬፕ ላይ ደካማ ነው፣ ሌላ አይነት ጀርሞች ላይ ነው የሚበረታው፣ ለተራ ቆዳ ኢንፌክሽን ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። ሆስፒታል ደግሞ ለአራሶችና ለከባድ ሕመምተኞች የሚፈልጉት መድኃኒት ስለሆነ ጭረት ላይ ማባከኑ ያሳዝነኛል።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው ቱቦ ኒዮማይሲን፣ ባሲትራሲንና ፖሊሚክሲን ያለበት ነው፣ እዛ ያለ ማዘዣ ሱፐርማርኬት ይሸጣል። መጥፎ መድኃኒት ነው አልልም፣ ግን ኒዮማይሲን በጣም የታወቀ አለርጂ አምጪ ነው። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማህበር ባሲትራሲንን እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኒዮማይሲንን እ.ኤ.አ. በ2010 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ መርጧቸዋል። ምልክቱ ያሳስታል፣ ቁስሉ ዙሪያ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውሃ ያዥጎደጉዳል፣ ሰውየው ኢንፌክሽኑ ባሰበት ብሎ ጨምሮ ይቀባዋል። እየቀባችሁ የሚያሳክክ ከሆነ አቁሙ። ኒዮማይሲን በሰፊ ቃጠሎ ላይ ሲቀባ ወይም ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ሲገባ መስማትንም ይጎዳል።

ሶስት በአንድ የሚባለው ክሬም

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው አንድ የባክቴሪያ (ጄንታማይሲን ወይም ኒዮማይሲን)፣ አንድ የፈንገስ (ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል) እና አንድ ጠንካራ ስቴሮይድ (ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል) ነው። ሀሳቡ «አንዱ ይመታዋል» ነው። ስቴሮይዱ ማሳከኩንና ቅላቱን በአንድ ቀን ስለሚያጠፋው ሰው ፍቱን ነው ብሎ ያምናል፣ ስር ያለው ፈንገስ ግን ጸጥ ብሎ ይሰፋል፣ ጭርቱ ቅርጹ ተቀይሮ ሐኪምም ሲያየው የማይለይ ይሆናል። ሲቆይ ቆዳ ይሳሳል፣ ደም ስር ይታያል፣ ብሽሽትና ብብት ላይ መስመር ያወጣል፣ ፊት ላይ ከሆነ ብጉር የመሰለ ሽፍታና ሲያቆሙት የሚያቃጥል ቅላት ያመጣል። ፊታቸውን ለማቅላት የሚቀቡት እህቶችም አሉ፣ እባካችሁ። ሕፃን ልጅ ላይ፣ በተለይ ዳይፐር ስር፣ ስቴሮይዱ ወደ ደም የሚገባው የበለጠ ነው። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ፣ ምን እንደያዛችሁ ሳይታወቅ ይሄን አትግዙ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ሲልቨር ሰልፋዳያዚን 1% የቃጠሎ ተብሎ የታወቀ ነው፣ አሁን ግን ለቀላል ቃጠሎ መዳኑን ሊያዘገይ እንደሚችል ጥናቶች ስላሳዩ እንደ ድሮው አይመከርም። ለሰልፋ አለርጂ ላለው፣ ለመውለድ ለተቃረበች ነፍሰ ጡርና ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። ለቃጠሎ መጀመሪያ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ የጥርስ ሳሙናና ቅቤ አይደለም።

ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት)፣ ያ ወይን ጠጁ፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይሰራል፣ ግን እንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ካንሰር ስላመጣ የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 አስጠንቅቋል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ለጥቂት ቀን፣ ትንሽ ቦታ ላይ፣ 0.5% የሆነውን። ቤታዲን አንዴ ለማጽዳት ጥሩ ነው፣ በየቀኑ መደጋገሙ ግን የሚድነውን ቆዳ ያስቆጣል፣ አራስ ላይና ታይሮይድ ላለበት ሰፊ ቁስል ላይ ይቅር።

የአሞክሳሲሊን ወይም የአምፒሲሊን ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ደግሞ አሁንም የማየው ነገር ነው። ዱቄቱ ተጋግሮ ቆሻሻ ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ሰውነታችሁን ለፔኒሲሊን አለርጂ ሊያደርገው ይችላል፣ ያኔ አንድ ቀን ሕይወት የሚያድነውን መርፌ መወጋት አትችሉም።

| ምርጫ | የሚሆነው ለ | የሚያሰጋው | ዋጋ |
|---|---|---|---|
| ውሃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን | ንጹህ ጭረትና ቁርጥ | ኢንፌክሽን ከገባ አይበቃም | በጣም ርካሽ |
| ቲቲሲ 3% | ሌላ ከሌለ፣ ትንሽ ላይ ላዩን ኢንፌክሽን | የተላመደ ጀርም ብዙ ነው | ርካሽ |
| ፉሲዲክ አሲድ 2% | ትንሽ ኢምፔታይጎ | ሲቆይ መላመድ፣ ባለስቴሮይዱን በስህተት መግዛት | መካከለኛ |
| ሙፒሮሲን 2% | ኢምፔታይጎ፣ የሚመላለስ ወይም ኤምአርኤስኤ | ሰፊ ክፍት ቁስል ከኩላሊት ሕመም ጋ | ወደድ ያለ |
| ጄንታማይሲን | ሐኪም ለይቶ ካዘዘው | ስትሬፕ ላይ ደካማ | ርካሽ እስከ መካከለኛ |
| ኒዮማይሲን ያለበት ባለሶስቱ | ትንሽ ቁስል፣ አለርጂ ለሌለበት | የቆዳ አለርጂ | እንደ አመጣጡ |
| ስቴሮይድ ያለበት ድብልቅ | በራስ የሚገዛ አይደለም | ኢንፌክሽን ይደብቃል፣ ቆዳ ያሳሳል | መካከለኛ |
| ጂቪ 0.5% | ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ለአጭር ጊዜ | ያቀልማል፣ የካንሰር ስጋት | በጣም ርካሽ |

እናንተስ የቱ ጋ ናችሁ?

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነና ጭረት ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ሳሙና ላይ አውሉት፣ ምንም አልጎደለባችሁም። ልጃችሁ ባለማር ቅርፊት ቁስል ሁለት ሶስት ቦታ ወጥቶበት ደህና እየተጫወተና እየበላ ከሆነ ፉሲዲክ አሲድ ብቻውን ያለበትን፣ ከጠፋ ሙፒሮሲን። ትንሹ ቱቦ ለ5 ቀን ይበቃል፣ ትልቁን ለቁጠባ ብላችሁ አትግዙ፣ የተረፈው ነው በኋላ ለሁሉም ነገር የሚቀባው። ሁለቱንም የማትችሉ ከሆነ ቲቲሲ ሞክሩና በሶስተኛው ቀን እዩት፣ ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ። ብዙ ቦታ ከተዛመተ ወይም ቤት ውስጥ ሶስት አራት ልጅ ከያዘ የሚዋጥ ስለሚያስፈልግ ቅባት ላይ ገንዘብ አታውጡ። ለብጉር የሚታዘዘው የክሊንዳማይሲን ቅባት ብቻውን ሳይሆን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋ ነው የሚሄደው፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ያለ ቁስል፣ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ላይ የወጣ መግል፣ ዓይን ዙሪያ ያበጠ፣ የእንስሳ ወይም የሰው ንክሻ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ከሚታየው በላይ የሚያም ነገር፣ እነዚህን እኔ ጋ አታምጡብኝ፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

አቀባቡ ከምርጫው እኩል ነው። ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ቅርፊት ላይ የተቀባ ቅባት ጀርሙ ጋ አይደርስም። አድርቁት፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዛ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። የቱቦውን አፍ ቁስሉ ላይ አታስነኩ። የልጁን ጥፍር ቁረጡ፣ ፎጣውና ትራሱ ለብቻው ይሁን፣ ሕክምና ከጀመረ 48 ሰዓት እስኪሞላው ወይም ቁስሉ እስኪደርቅ ትምህርት ቤት ባይሄድ ጥሩ ነው። ኢምፔታይጎ ከወጣበት በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሶስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የልጁ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ ስትሬፑ ኩላሊቱን አስቆጥቶት ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ውሰዱት።

የእህቴ ልጆች ክሬሙን አቁመው፣ ሐኪም አይቷቸው፣ ተዛምቶ ስለነበር የሚዋጥ ታዞላቸው ድነዋል። ያኔ እህቴን ያስደረግኳትን እናንተም አድርጉት፣ የቅላቱን ጠርዝ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት፣ በማግስቱ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከወጣ ቅባቱን አስቀምጣችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።